«ወታደር አይደለህም እንዴ?»

በአዲስ ዓመት ዋዜማ ርችት ሲተኮስ አንድ የማውቀው የሕንፃ ጥበቃ ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ዓይኑን ከበሩ ሳይነቅል ይቆማል። የቀድሞ ወታደር ነው። የሰፈሩ ጎረምሶች ይሥቁበታል፤ «ወታደር አይደለህም እንዴ? ርችት ትፈራለህ?» ይሉታል። አይመልስላቸውም። ተኩሱ ሲያበቃ ባትሪውን አብርቶ ግቢውን ይዞራል።

እነሱ ፍርሃት ያሉት ነገር ራስን መግዛት ነው። ልቡ እየደለቀ እጁንም ምላሱንም ገትቶ ይዟል። ክፋቱ ይህን ብቻውን ማድረጉ ነው። ግንባር ላይ ማንም ብቻውን አይደለም፤ ከጎኑ ጓዱ አለ፣ ከኋላው አዛዡ አለ፣ እንቅልፍ እንኳ በተራ ነው። አንዱ ሲርበተበት ሌላው ትከሻውን ይይዘዋል። የወታደር ጽናት የምንለው አብዛኛው ከዚህ የሚገኝ ነው። ካምፑን ለቅቆ ሲወጣ ታዲያ የሚያስረክበው መሣሪያውን ብቻ አይደለም።

የቃኘው ሻለቃ ስም ሲነሣ የምናወራው ጀግንነቱን ነው፤ 121 ሰው ተሠውቶ አንድም አለመማረኩን። አመላለሱን ግን ልብ አንለውም። ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ኮሪያ የዘመቱት ሻለቆች አብረው ሄደው፣ አብረው ተዋግተው፣ በመርከብ አብረው ተመለሱ። ሳምንታት በፈጀው የባሕር ጉዞ ያዩትን ካየ ሰው ጋር ይጨዋወቱ ነበር ብዬ አስባለሁ። በ1983ስ? ግማሽ ሚሊዮን ገደማ የደርግ ሠራዊት ተበተነ። ስንቱ በእግሩ፣ በባዶ እጁ፣ እየለመነ አገር አቋርጦ ቤቱ ገባ! የተሸነፈ ጦር ነውና «ምን ደረሰብህ?» ያለው አልነበረም። ሌሊት እየጮኸ ሲነቃ የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ነበረች።

ዛሬም ብሔራዊ ተሐድሶ ኮሚሽን ከ370 ሺህ በላይ የቀድሞ ተዋጊዎችን ወደ ሰላማዊ ኑሮ ለመመለስ አቅዶ፣ በኅዳር 2017 ዓ.ም. በትግራይ ሥራውን ጀምሯል። የመቋቋሚያ ገንዘቡ የግድ ነው፤ እንቅልፍ ግን አይገዛም። ሐኪም ዘንድ ሂድ ሲባልም ሰውየው «አማኑኤል ገባ» መባልን ይፈራል። ይህን አባባል መሳለቂያ ያደረግነው ደግሞ እኛው ነን። ፀበል የሚሄደውም ይሂድ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ።

የእድር ዳኞች፣ ከዘመቻ የተመለሰውን ጎረቤታችሁን የመመዝገቢያ ክፍያውን ምራችሁ አስገቡት፤ ድንኳን ሲተከልም ሐዘንተኛ ሲጽናናም ከሰው ጋር ይዋል። የቀበሌ ሹማምንት፣ አብረው የዘመቱት በወር አንድ ቀን ቡና የሚጠጡበት አዳራሽ ፍቀዱላቸው። እናንተም ወጣቶች «ሰው ገድለሃል?» ብላችሁ አትጠይቁት። መጠየቅ ካማራችሁ እንዴት እንዳደረ ጠይቁት፤ መልስ ከሰጣችሁም ሳታቋርጡ ስሙት።