ደብዳቤው ደረሰ፤ ፊደሉ ግን መንገድ ላይ ቀረ

ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን አንድ ኢሜይል ተላከ እንበል። ጉዳዩ የአንድ የመንዝ ገበሬ የመሬት ይዞታ ነው። በላኪው ኮምፒውተር ላይ አማርኛው ጥርት ብሎ ይነበባል። ተቀባዩ ወደሚመለከተው ክፍል ሲያስተላልፈው ግን ፊደሉ ጠፍቶ የላቲን ፊደልና የዶላር ምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ባለጉዳዩ ቢጠይቅ መልሱ የታወቀ ነው፦ «ሲስተም አስቸግሮ ነው፤ ሌላ ቀን ይምጡ።» ደብዳቤ አለው፣ ግን የሚያነበው የለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ሲስተሙ ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ ጊዜው ያለፈበት የአጻጻፍ ልማድ ነው።

ድሮ ኮምፒውተር ለግዕዝ ፊደል ቦታ አልነበረውም። የያኔዎቹ የአማርኛ ፎንቶች ችግሩን የተወጡት በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ የአማርኛ ቅርጽ በመተካት ነበር። ለጊዜው ትልቅ ውለታ ነበር፤ ስንት ጋዜጣና መጽሐፍ ታትሞበታል። ነገር ግን ኮምፒውተሩ በሆዱ የያዘው ላቲን ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው የፎንቱ ስም ብቻ ነው። ኢሜይል መልስ ሲሰጥበት ወይም ሲተላለፍ ቀለሙ፣ ሠንጠረዡና የፎንቱ ስም ሊራገፍ ይችላል። በተቀባዩ ስልክ ላይም ያ ፎንት አይገኝም። ያኔ ጭምብሉ ይወልቃል።

እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ግን ለግዕዝ ፊደል የራሱን ቦታ ሰጠው። ከዚያ ወዲህ «ሀ» የትም ሄዳ «ሀ» ናት። የስልክ አማርኛ ኪቦርድ ሁሉ የሚጽፈው በዚሁ ነው። የግሼ ተማሪ ስልክ የሚያውቀውን የመንግሥት ቢሮ እንዴት አያውቅም?

«ፎቶ አንስቶ መላክ ነው» የሚሉ አሉ። ማኅተምና ፊርማ ለማሳየት ይጠቅማል። ነገር ግን ፎቶ ውስጥ ያለን ስም ፈልጎ ማግኘት፣ ቀድቶ መዝገብ ላይ መለጠፍ ያስቸግራል፤ ዓይነ ስውር ሠራተኛም በድምፅ አንባቢ ሊሰማው ይቸገራል። ደግሞም ሁለት ሺህ ፊደል ያለው ገጽ በዩኒኮድ 6 ኪሎባይት ገደማ ነው፤ የስልክ ፎቶ ግን በሜጋባይት ይቆጠራል። የመርሐቤቴን ኔትወርክ የሚያውቅ ልዩነቱ ይገባዋል። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ባለጉዳዩ ተስፋ የሚያደርገው በዚያችው ኔትወርክ ነው።

የመንዝ ሰው የጋራ ሕግ ምን እንደሆነ አስተማሪ አያሻውም። የጓሳን ሣር በቀሮ ሥርዓት ለዘመናት የጠበቀው ሁሉም በአንድ ደንብ በማደሩ ነው። ፊደልም የጋራ ሀብት ነው፤ እያንዳንዱ ቢሮ በየራሱ ፎንት ካጠረው ለማንም አይሆንም።

መፍትሔው በጀት አይጠይቅም። ጽሑፉን መርጦ ፎንቱን ወደ ታይምስ ኒው ሮማን መቀየር ነው፤ አማርኛው ወደ ላቲን ከተለወጠ የድሮው ነው። አዲስ ደብዳቤ በዩኒኮድ ይጻፍ፤ የቆየው ፋይል በመቀየሪያ ፕሮግራም ይለወጥ። መልእክቱ ራሱ ኢሜይሉ ላይ ያለ ጌጥ ይስፈር፤ ማኅተም ያለበት ቅጂ ከሥሩ ይያያዝ። ዞኑም «በድሮ ፎንት የተጻፈ አንቀበልም» የሚል አንድ ገጽ ሰርኩላር ያውጣ።

ሰርኩላሩ ራሱ ግን በዩኒኮድ ይጻፍ።