ስለ ሴት ልጅ ኳስና ስለ ነሐሴ ድካም

የሰው ልጅ አዝመራውን ማመስገን ይወዳል፤ አረሙን ማረም ግን አይወድም። ነዶው በአውድማ ላይ ሲከመር የማያይ ጎረቤት የለም። ገበሬው በነሐሴ ጭቃ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሲያርም ግን ማንም ቆሞ አያይለትም። ይህ ጠባይ በእህል ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም፤ በሰውም ላይ ይሠራል። እኔም ዛሬ የምከራከረው ስለዚሁ ነገር ነው። ምሳሌዬን የማመጣው ከኳስ ሜዳ፣ ያውም ከሴቶች ልጆች የኳስ ሜዳ ስለ ሆነ፣ አንዳንዱ ሽማግሌ ገና ርእሱን ሲያይ ፊቱን እንደሚያጨማድድ ዐውቃለሁ። ያጨማድድ። የምጽፈው ለእናንተ ለወጣቶቹ ነውና። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልንገራችሁ።

በአሜሪካ አገር የኮሌጅ ሴቶች የእግር ኳስ ውድድር የሚጀመረው በእኛ ነሐሴ ወር ነው፤ የመጨረሻው ዋንጫ የሚለየውም በኅዳር መጨረሻ ገደማ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ እኛ አገር አረም በሚታረምበት ወር ይጀምራሉ፣ አዝመራ በሚሰበሰብበት ወር ይጨርሳሉ። ተጫዋቾቹ የቀሩት ተማሪዎች ከዕረፍት ሳይመለሱ አስቀድመው ወደ ግቢው ይገባሉ። በማለዳ ይለማመዳሉ፤ ብዙ ጊዜም ወደ ማታ ይደግማሉ። ከሚፈተኑባቸው ነገሮች አንዱ በ20 ሜትር ርቀት በተተከሉ ሁለት ምልክቶች መካከል ደወል በተሰማ ቊጥር መመላለስ ነው። ደወሉ እየፈጠነ ይሄዳል፤ ያልቻለች ትቆማለች። በዚህ ፈተና ላይ ጭብጨባ የለም፤ ዋንጫም የለም። የዕረፍቱን ወራት በስንፍና ያሳለፈችውን ልጅ የሚያጋልጣት የገዛ እስትንፋሷ ነው። ማንም ሳያያት ብቻዋን ስትሮጥ ለከረመችው የሚመሰክርላትም ይኸው እስትንፋስ ነው።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በአንድ ቡድን ውስጥ ከሃያ የሚበልጡ ልጆች አሉ፤ ጨዋታው ሲጀመር ወደ ሜዳ የሚገቡት ግን አሥራ አንድ ናቸው። የቀሩት እንደ ጓደኞቻቸው ላባቸውን አፍስሰው ሲያበቁ ተቀምጠው ያያሉ። በማግስቱም ተመልሰው ይለማመዳሉ። ስሟ በጋዜጣ የማይወጣው ይህች ልጅ በልምምድ ሜዳ ላይ ጠንክራ ባትገጥማቸው፣ እነዚያ አሥራ አንዱ በጨዋታው ቀን ጠንካራ ባላጋራ ሲመጣባቸው ይደናገጡ ነበር። ለጓደኛ ክብር ራስን ማድከም የሚባለውን ነገር በመጽሐፍ ማስተማር እንዴት እንደሚያስቸግር እኛ አስተማሪዎች እናውቃለን።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ ጠመኔ ይዤ ቆሜአለሁ። በፈተና ዋዜማ ሌሊቱን ሙሉ የሚያነበውን ተማሪና ከመስከረም ጀምሮ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት የሚያነበውን ተማሪ ለይቼ ለማወቅ የፈተናውን ወረቀት ማየት አላስፈለገኝም። የተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ይህን ልማድ በደወል አስለምዶናል፤ ስለዚህም አመሰግነዋለሁ። ነገር ግን ከቀትር በኋላ ለወንዶቹ ኳስ፣ ለሴቶቹ መርፌና ክር ይሰጥ ነበር። እኛ ወንዶቹ በኳሱ መሸነፍን፣ ተሸንፎም የአሸናፊን እጅ መጨበጥን፣ ለጓደኛ ማቀበልን ተማርን። ሴቶቹ ይህን ትምህርት በአጥሩ ቀዳዳ ካልሆነ በቀር አላዩትም። መርፌ ክፉ ነው አልልም፤ ቊልፉን መትከል የማይችል ወንድ ያሳዝነኛል። የምለው ለወንዱም መርፌ፣ ለሴቷም ኳስ ሊሰጥ ይገባ ነበር ነው።

አሁን ወደ ተቃዋሚዎቼ ልመለስ። የመጀመሪያው ክርክራቸው የሴት ልጅ ሰውነት ለኳስ አልተፈጠረም የሚል ነው። ይህ ክርክር አዲስ አይደለም። በ1920 የገና ማግስት ቀን፣ ሊቨርፑል ከተማ በሚገኘው ጉዲሰን ፓርክ ሜዳ፣ የአንድ ፋብሪካ ሠራተኞች የነበሩ ሴቶች ሲጫወቱ ለማየት 53,000 ያህል ሰው ገብቶ ነበር፤ ገቢውም ለበጎ አድራጎት ነበር። በዓመቱ፣ በታኅሣሥ 1921፣ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበር ጨዋታው ለሴቶች አይስማማም ብሎ ክለቦቹ ሜዳቸውን እንዳያውሷቸው አዘዘ። ይህም ትእዛዝ 50 ዓመት ያህል ቆየ። ብራዚል በ1941 በሕግ ከለከለች፤ ክልከላው እስከ 1979 ድረስ ቆየ። የምዕራብ ጀርመን ማኅበርም ከ1955 እስከ 1970 ከልክሎ ነበር። እኔ ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። ተፈጥሮ ራሷ የከለከለችውን ነገር ለመከልከል ሕግ ማውጣት ለምን አስፈለገ? ዓሣ ዛፍ ላይ እንዳይወጣ ዐዋጅ ያወጣ መንግሥት አልሰማሁም።

በሩ ሲከፈት የሆነውን ደግሞ እዩ። በ1972 አሜሪካ ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት ሁሉ በጾታ ምክንያት ማንንም እንዳያበላልጥ የሚያዝዝ ሕግ አወጣች። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1982፣ የኮሌጅ ሴቶች የመጀመሪያው ብሔራዊ ዋንጫ በ12 ቡድኖች መካከል ተደረገ፤ ያሸነፈውም የሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ነበር። ይኸው ዩኒቨርሲቲ እስከ 2024 ድረስ ዋንጫውን 22 ጊዜ ወስዷል። ዛሬ ለመጨረሻው ውድድር የሚደርሱት ቡድኖች 64 ናቸው። በ1991 የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ዋንጫ በቻይና ሲደረግ ያሸነፈችው አሜሪካ ናት፤ ያሸነፉላትም በእነዚህ የኮሌጅ ሜዳዎች ያደጉ ልጆች ናቸው። በ1999 የዓለም ዋንጫውን ፍጻሜ ለማየት በካሊፎርኒያ 90,185 ሰው ስታዲየም ገባ። ጎድሎ የነበረው ሜዳው እንጂ ጉልበቱ አልነበረም።

ሁለተኛው ክርክር ኳስ ከትምህርት ያዘናጋል የሚል ነው። ይህ የአስተማሪ ክርክር ስለ ሆነ አከብረዋለሁ። ያለ ሥርዓት የሚጫወት ልጅ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ በእርግጥ ይዘናጋል። ነገር ግን በዚያ አገር የኮሌጅ ተጫዋች የሙሉ ጊዜ ተማሪ ካልሆነችና በትምህርቷ የተወሰነውን ውጤት ካላገኘች አትሰለፍም። ትምህርት ከተጀመረ በኋላም አሠልጣኙ ለልምምድና ለጨዋታ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዳይወስድባት ደንብ አለ። መንገዱ በዚህ ውስጥ ስለማይቈጠር ድካሙ ከዚህ ይበልጣል፤ ይህን አልሸሽግም። ነገር ግን ሴት ልጃችን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ውኃ ስትቀዳ፣ እንጀራ ስትጋግር፣ ታናናሾቿን ስታጥብ የሚጠፋባትን ሰዓት ከእነዚህ ከሳሾች መካከል ማን ቈጥሮላት ያውቃል? ከትምህርቷ ያዘናጋታል የሚባለው ኳስ ብቻ ነው። ማድጋው አያዘናጋትም!

ሦስተኛው ክርክር ነውር ነው የሚለው ነው። «ሴት ወደ ማጀት፣ ወንድ ወደ ችሎት» የሚል ተረት አለን። አክባሪው ብዙ ነው። ከእንጦጦ ጫካ ሸክም እንጨት በጀርባዋ አዝላ የምትወርደውን እናት በየቀኑ እያየን አናፍርም። የጀርባዋን መጉበጥ ነውር አላልነውም። ያቺው ሴት ልጇ ቁምጣ ለብሳ ኳስ ብትመታ ግን ባህል ፈረሰ ብለን እንጮሃለን። እንግዲህ የሚያስነውረን የሴት ጉልበት አይደለም፤ ለራሷ ደስታ የምታውለው ጉልበት ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር ወርቅ ባገኘች ጊዜ ስለ ቁምጣዋ የተናገረ ሰው አልሰማሁም። ወርቅ ነውርን የሚያጥብ ከሆነ ነውሩ ቀድሞም አልነበረም ማለት ነው።

አራተኛው ክርክር የፍርሃት ክርክር ነው፤ በእርሱ ግን አላፌዝም። እናት ልጄ ትሰበርብኛለች ብትል እውነት አላት። በእግር ኳስ የሴቶች የጉልበት ጅማት ከወንዶቹ ይልቅ አብዝቶ እንደሚበጠስ ሐኪሞች አረጋግጠዋል። መድኃኒቱም ከዚያው ከዝግጅቱ ውስጥ ይገኛል፤ ከልምምድ በፊት በሥርዓት የሚሠራ የማሟሟቂያና የማጠንከሪያ እንቅስቃሴ ጉዳቱን በብዙ እንደሚቀንስ ተፈትኖ ታውቋል። አባትም ልጄን ለማንም አሠልጣኝ እንዴት አምኜ እሰጣለሁ ቢል እውነት አለው። በ2022 በአሜሪካ የወጣው የምርመራ ሪፖርት በዚያ አገር የሴቶች የሙያ ሊግ ውስጥ አሠልጣኞች በተጫዋቾች ላይ የሚፈጽሙት በደል የተስፋፋ እንደ ነበረ ገልጿል። እንግዲህ ምን እናድርግ? ተኩላ ሲገኝ የሚባረረው ተኩላው ነው፤ በጎቹን በጋጣ ዘግቶ ማስራብ የእረኛ ሥራ አይደለም። አባት ሆይ፣ ሜዳው ዳር ሄደህ ቁም፤ አሠልጣኙን ዕወቀው፤ ልጅህ ስትናገር ስማት። ይህ ከመከልከል ይልቅ ያደክማል፤ ግን የአባት ሥራ ይህ ነው።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያስቈጣኝ ነገር ደረስሁ። ናኦሚ ግርማ የምትባል ተጫዋች አለች፤ በ2000 በካሊፎርኒያ፣ በሳን ሆዜ፣ ከኢትዮጵያ ከሄዱ ወላጆች ተወለደች። ኳስ የጀመረችው አባቷ ለዚያ ከተማ ኢትዮጵያውያን ልጆች ባቋቋሙት «ማለዳ» በተባለ ክለብ ነው። ኋላ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገባች። በ2019 ቡድኗ በዚያው በሳን ሆዜ ሰሜን ካሮላይናን በፍጹም ቅጣት ምት 5 ለ 4 አሸንፎ ብሔራዊ ዋንጫ ወሰደ። ጉልበቷ ተጎድቶ ከሜዳ የራቀችበት ጊዜ ነበር፤ ታግሣ ተመለሰች። ትምህርቷንም ስለ አእምሮ፣ ስለ ቋንቋና ስለ ኮምፒዩተር በአንድነት በሚጠናበት ክፍል ፈጸመች። በ2024 ከአሜሪካ ቡድን ጋራ በፓሪስ የኦሎምፒክ ወርቅ አገኘች፤ በፍጻሜው የተሸነፈችውም ሴቶቿን 38 ዓመት ያህል በሕግ የከለከለችው ብራዚል ነበረች። በ2025 መጀመሪያ የእንግሊዙ ቼልሲ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ወሰዳት።

ይህ በተሰማ ጊዜ «የእኛ ልጅ» የማይል ሰው አልነበረም። ወንበር ላይ ተደላድሎ በቴሌቪዥን እያየ «የእኛ ልጅ!» ብሎ የሚያጨበጭበው አባት፣ እዚያው የተቀመጠችውን የገዛ ልጁን «ተነሺ፣ ቡናውን አቅርቢ፤ ነገም ከትምህርት ቤት ስትወጪ ኳስ ሜዳ አይሻለሁ» ይላታል። ይህ ሰው ነዶውን እየሳመ እርሻውን የሚረግም ነው። ናኦሚን የእኛ ለማለት የሚበቃው ለሌላይቱ ልጅ ሜዳ የፈለገላት ሰው ነው። የናኦሚ አባት ወርቁን አይተው ክለብ አላቋቋሙም፤ ክለቡ ሲጀመር ወርቅ አልነበረም።

እዚህ ላይ አንድ ተንኮለኛ ወዳጅ ይመጣብኛል። «እውነትህን ነው፤ ሴቶችም ይጫወቱ፤ ሚሊዮን ያመጣሉና» ይለኛል። ይህን ደጋፊ ከተቃዋሚዬ ይልቅ እፈራዋለሁ። በኮሌጅ ከሚጫወቱት ልጆች እጅግ የሚበዙት ከአራት ዓመት በኋላ ጫማቸውን ሰቅለው ሐኪም፣ መምህርት፣ ነጋዴ ወይም እናት ይሆናሉ። ድካማቸው ባክኖ ቀረን? ሥራን ከመጀመሪያው መጀመር የለመደች፣ ስትሸነፍ ምክንያት የማትደረድር፣ ተራዋ እስኪደርስ ሳትቀና የምትሠራ ሴት በገባችበት ቢሮና ቤት ሁሉ ትታወቃለች። ልጅን ለሚሊዮን ብሎ ወደ ሜዳ የሚልክ አባት፣ ሚሊዮኑ ሳይመጣ ሲቀር ልጅቱንም ዕዳ አድርጎ ይቈጥራታል።

እናንተ ወጣቶች ሆይ፣ ከእናንተ የምፈልገው ጭብጨባ አይደለም። አንተ ወንድሜ፣ እኅትህ ወደ ልምምድ ስትሄድ ሳህኑን አንተ እጠብ፤ ስትመለስም ጎል አገባሽ ወይ ብለህ ከመጠየቅህ በፊት ሮጥሽ ወይ በላት። አንቺም ልጄ፣ ሜዳ ቢከለክሉሽ ተከራከሪ፤ ሜዳ ቢሰጡሽ ግን በነሐሴ አትተኚ። የሚከለክሉሽ ሰዎች አንድ ማስረጃ ብቻ ይፈልጋሉ፤ እርሱም ስንፍናሽ ነው። ያን ማስረጃ አትስጪያቸው።