ውሃው ከግድግዳው ይቀድማል

ለዚህ ዕትም የመረጥነው ጥያቄ ጅጅጋ ከሚኖሩ ባልና ሚስት የመጣ ነው። ሁለቱም ደመወዝተኞች ናቸው፤ ሐርተሼክ ላይ የቤት መሥሪያ ቦታ አላቸው። ባል «ግንበኛው ዋጋውን ነግሮናል፣ ያጠራቀምነው ይበቃል፣ እንጀምር» ይላል። ሚስት «አይበቃም፤ ጀምረን እናቆመዋለን» ትላለች። ነገሩ ከገንዘብ አልፎ «አታምኚኝም»፣ «አትሰማኝም» ወደ መባባል ደርሷል። በመጨረሻም «ማናችን ነን ትክክል?» ብለው ጽፈውልናል።

እንደ እኛ አስተያየት ሁለቱም በደንብ ቆጥረዋል። የቆጠሩት ግን ሁለት የተለያዩ ቤቶችን ነው። ባል የቆጠረው ግድግዳና ጣሪያ ያለውን ቤት ነው። ሚስት የቆጠረችው ልጅ የሚታጠብበትን፣ ወጥ የሚሠራበትንና እንግዳ የሚታደርበትን ቤት ነው። በሁለቱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት ሐርተሼክ ላይ በአብዛኛው ውሃ ነው።

ከተማዋን ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት እንበል። ሐርተሼክ ከጅጅጋ 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሶማሌላንድ ድንበር በተጠጋ ሜዳ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በዓለም ስሟ የተሰማው በስደተኞች መጠለያዋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 በሰሜን ሶማሊያ ጦርነቱ ሲበረታ ከሃርጌሳና ከአካባቢዋ የሸሸው ሕዝብ እዚህ ሰፈረ። በአንድ ወቅት ቁጥሩ ከ250 ሺህ አልፎ ነበርና መጠለያው በዓለም ትልቁ ይባል ነበር። የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ያን ሁሉ ሕዝብ የሚያጠጣ ወንዝም ምንጭም በቦታው አልነበረም፤ ውሃው በቦቴ እየተጫነ ይመጣ ነበር። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ሜዳ ላይ ቤት የሚሠራ ሰው ከአሸዋና ከጠጠር በፊት ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ ማለት ነው።

ወደ ቁጥሩ እንግባ። ባለ 50 ኪሎ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ ለኮንክሪት ሲቦካ 25 ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል። ስምንት በአሥር ሜትር የሆነ፣ በብሎኬት የተሠራ መጠነኛ ቤት ለመሠረቱ፣ ለወለሉ፣ ለኮለኑና ለቢሙ ወደ 20 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ሊወስድ ይችላል። ይህ ከ120 ከረጢት በላይ ሲሚንቶ ነው። የብሎኬት መደርደሪያውና የልስኑ ሲሚንቶ ለብቻው ነው። ከዚያ ደግሞ ማጠጣት አለ። ኮንክሪት ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለሰባት ቀን እርጥብ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ያለዚያ የሚገባውን ጥንካሬ አያገኝም። 80 ካሬ ሜትር ወለል ብቻ፣ በቀን በካሬ አራት ሊትር ብናስብ፣ በሳምንት ከ2 ሺህ ሊትር በላይ ይጠጣል። ሁሉም ሲደመር ከ10 ሺህ ሊትር፣ ማለትም ከ50 በርሜል በታች ይበቃኛል ብሎ ማሰብ ራስን ማታለል ነው። ሠራተኛው የሚጠጣውና የሚታጠብበት ገና አልተቆጠረም።

አደጋው እዚህ ላይ ነው። ቧንቧ ባለበት ከተማ ግንበኛ ጎማ ዘርግቶ ያጠጣል፤ ውሃ በበርሜል በሚሸጥበት ቦታ ግን በጣሳ ይረጭና «ይበቃዋል» ይላል። ባለቤቱም ወጪ ቀነሰልኝ ብሎ ደስ ይለዋል። ስንጥቁ የሚታየው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ግንበኛውን ማን ያገኘዋል? ስለዚህ የማጠጫው ውሃ በዝርዝሩ ውስጥ ራሱን ችሎ ይጻፍ፤ የሚያጠጣው ሰው የቀን አበልም አብሮ ይጻፍ።

ሌላም ነገር አለ። ሰው ለጨውነቱ ብሎ የማይጠጣው ውሃ ፌሮ ወዳለበት ኮንክሪት አይግባ፤ ጨው ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። በባሕር ዳርቻ ቤት የሚሠሩ ሰዎች አንዱ ወጪያቸው ይኸው ነው። እንደ ምጽዋና በርበራ ባሉ ወደቦች ጨዋማው አየር ራሱ ለቆርቆሮና ለብረት ጠላት ነው። የምጽዋ የጥንት ቤቶች ከባሕር በወጣ የኮራል ድንጋይ የተሠሩ ናቸው። የባሕር ዳር ሰው ከሚመጣበት ውሃ ጋር ሲታገል የሐርተሼክ ሰው ከማይመጣለት ውሃ ጋር ይታገላል፤ ሁለቱም ግን የግንበኛው ዋጋ ውስጥ የማይገባ ሒሳብ አለባቸው።

አሁን ወደ ኑሮው እንምጣ፤ የእኅታችን ስጋት እዚህ ላይ ነውና። አምስት ሰው በቀን ሃያ ሃያ ሊትር ብቻ ቢጠቀም በቀን 100 ሊትር፣ በዓመት 36,500 ሊትር ይሆናል። ይህ ከ180 በርሜል በላይ ነው። ቤቱ የሚጠጣው አንድ ጊዜ ነው፤ ቤተሰቡ ግን በየዓመቱ ነው። ቦታችሁ ድረስ ቧንቧ ካልደረሰላችሁ ይህን በቦቴ ወይም በበርሜል እየገዛችሁ ስንት ዓመት ትዘልቃላችሁ? ሰፈሩ ውስጥ የሚኖሩ ሦስት ቤተሰቦችን ሄዳችሁ በጂላል፣ ማለትም በበጋው ወራት፣ በርሜሉን ስንት እንደሚገዙ ጠይቁ። የዝናቡን ወቅት ዋጋ ይዛችሁ እንዳትመለሱ።

የሐውድ ሕዝብ ለዚህ መልስ ካገኘ ቆይቷል፤ መልሱ ቢርካ ነው። በመሬት ውስጥ ተቆፍሮ በድንጋይና በሲሚንቶ የተለበጠ የጎርፍ ውሃ ማጠራቀሚያ ማለት ነው። በአካባቢው የተስፋፋው እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ወዲህ ነው። ርዝመቱ 4፣ ወርዱ 3፣ ጥልቀቱ 3 ሜትር የሆነ ቢርካ ሲሞላ 36 ሺህ ሊትር ይይዛል፤ ከላይ ያሰላነው የአንድ ቤተሰብ የዓመት ውሃ ያህል ነው። ክዳን ከሌለው ፀሐዩ ብዙውን ይወስደዋል፤ ስለዚህ የክዳኑ ወጪ ቅንጦት አይደለም። ጎርፉ ወደ ቢርካው ከመግባቱ በፊት አፈሩን የሚጥልበት ትንሽ ጉድጓድም ያስፈልገዋል። ውሃው ለመጠጥ የሚሆን ከሆነ ደግሞ ይፈላ ወይም ክሎሪን ይጨመርበት።

ጣሪያውም ይረዳል። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ነው። የ80 ካሬ ሜትር ጣሪያ በዓመት 400 ሚሊ ሜትር ቢዘንብበት፣ ከአምስት አንዱ እንኳ ቢባክን፣ ከ25 ሺህ ሊትር በላይ ይሰበስባል። ሰው ግን አሸንዳን የመጨረሻ ወጪ ያደርገውና ገንዘቡ ሲያልቅ ይተወዋል። ለሳሎን ኮርኒስ የሚያወጣውን ለአሸንዳ የሚነፍግ ባለቤት ሳይ ይገርመኛል።

ታዲያ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ቢርካው ከመሠረቱ በፊት ይቆፈር። በጂላል ተቆፍሮ ተለስኖ ከደረቀ የጉ ዝናብ በሚያዝያ ገደማ ሲመጣ ይሞላል፤ ያ ባይበቃ ሐምሌ ላይ ካረን አለ። ቢርካውን ለመሥራት ራሱ ውሃ መግዛት አይቀርም፤ ከዚያ በኋላ ግን የቤቱን ኮንክሪት የምታቦኩትና የምታጠጡት በራሳችሁ ውሃ ነው። የጎርፉ ውሃ ጭቃው እስኪሰፍር ጥቂት ይቆይ እንጂ ደፍርሶ ኮንክሪት ውስጥ አይግባ። ባል «አንድ ዓመት ያስዘገየናል» ሊል ይችላል። አዎ፣ ያስዘገያል። ሳይሞላ የተጀመረ ቤት ግን በገንዘብ እጦት ከዚያ የበለጠ ይዘገያል፤ ፌሮው ወደ ሰማይ እንደተቀሰረ የቀረ ስንት ቤት አለ።

ስለ ሌሎቹ ወጪዎች ባጭሩ እንለፍ። ሲሚንቶው ከድሬዳዋ ቢመጣ ሐረርን፣ ካራማራንና ጅጅጋን አልፎ ነው የሚደርሳችሁ፤ ዋጋውን ስትጠይቁ «ቦታው ላይ ወርዶ» ብላችሁ ጠይቁ። ሲሚንቶን አስቀድሞ ገዝቶ ማከማቸት አይመከርም፤ ከሦስት ወር በኋላ ጉልበቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ፌሮና ቆርቆሮ ግን ይቀመጣሉ፤ ዋጋቸውም ከዶላር ጋር የተያያዘ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብር ዋጋ በወራት ውስጥ ምን ያህል እንደወረደ ሁላችን አይተናል። ግንበኛው የነገራችሁ ዋጋ የስንት ወር ነው? ካለፈው ዓመት ከሆነ እንደገና ይታሰብ። አፈሩንም አትርሱ። የጅጅጋ ሜዳ ብዙው ጥቁር ዋልካ ነው፤ ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ከላዩ ያለውንም ግድግዳ ይዞ ይሰነጠቃል። ቦታችሁ ላይ ሁለት ሜትር ያህል አስቆፍራችሁ ተመልከቱ፤ ዋልካ ከሆነ ወጥቶ በገረጋንቲ ይተካል። ይህም ገንዘብ ነው።

ውሉን በተመለከተ «የእጅ ዋጋ ብቻ» የሚል ከሆነ፣ ውሃና ጭነት በባለቤቱ ነው ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ አይጻፍም እንጂ የሚተረጎመው እንዲህ ነው። እናንተ አስጽፉት። ክፍያው በሥራው ደረጃ ይከፋፈል፤ ከጠቅላላው ላይም ከመቶ አሥር ያህል ላልታሰበ ነገር ይቀመጥ። ጌታ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ግንብ ሊሠራ ስላሰበው ሰው ሲናገር ሰውየው ተቀምጦ ኪሣራውን እንዲቆጥር ነው ያስተማረው። መቁጠር የእምነት ማነስ አይደለም፤ እኅታችን በዚህ ልትወቀስ አይገባትም።

እዚያው ሰፈር ካለው ባህል አንድ ነገር ልጨምር። ተነቅሎ በግመል የሚጫነውን አቃል የሚባለውን የሶማሌ ቤት የምትሠራው ሴቷ ናት። ቅስቱን የምትተክለው፣ ምንጣፉን የምትሸምነው፣ ሲነሱም የምታፈርሰው እርሷ ናት። እንግዲህ ሐርተሼክ ላይ ስለ ቤት የሚስት ቃል መስማት እንግዳ ነገር አይደለም።

ለእነዚህ ባልና ሚስት የምንመክረው ሙሉ ቤቱን አሁን እንዳይጀምሩ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ቢርካ፣ ሁለት ክፍል ሰርቪስ ቤት፣ ማብሰያና ሽንት ቤት ይሥሩ። ሽንት ቤቱ ከቢርካው ዝቅ ባለው በኩል፣ ቦታው በፈቀደ መጠን ርቆ ይሁን። ሰርቪሱ ቢያስፈልግ ይኖሩበታል፣ ሥራ ቢያዛውራቸው ያከራዩታል። በልዩ አሳብና በራስ አምሮት የተሠራ ትልቅ ቤት በትንሽ ከተማ ገዢ አያገኝም፤ አምሮቱን ማንም አይከፍልላችሁም። ዋናውን ቤት ጌታ ቢፈቅድ በሚቀጥለው ጂላል ይጀምሩት። ካርታው በሁለቱም ስም ይሁን፤ ደረሰኞቹም በአንድ ደብተር፣ ሁለቱም በሚደርሱበት ቦታ ይቀመጡ።

የቢርካውን አጥር ግን ቤቱ እስኪያልቅ አትጠብቁ። ትንንሽ ልጆች እንዳሏችሁ ጽፋችኋል፤ ጉድጓዱ በተቆፈረበት ሳምንት ይታጠር።