«ኧረ አባባ፣ ይቀመጡ!»

አቃቂ ውስጥ እጃቸው የሚንቀጠቀጥ አንድ አዛውንት ከወንበር ሊነሱ ሲሞክሩ፣ ቤተሰቡ በአንድ ድምፅ «ኧረ አባባ፣ ይቀመጡ!» ይላል። ፍቅር ነው፣ አክብሮት ነው። ለፓርኪንሰን ሕመምተኛ ግን ጉዳቱ ያመዝናል።

ፓርኪንሰን መንቀጥቀጥ ብቻ አይደለም። ዶፓሚን የሚያመነጩት የአንጎል ሴሎች እየሞቱ ሲሄዱ እርምጃ ያጥራል፣ መዞር ይከብዳል፣ አንዳንዴም እግር ከመሬት የተጣበቀ ያህል አልነሳም ይላል። ዋናው መድኃኒት ሌቮዶፓ እጅና እግርን ያፍታታል፤ ሚዛንን ግን እምብዛም አያስተካክልም። ስለዚህ ኪኒኑን በሰዓቱ የዋጠ ሰው ዞር ሲል ሊወድቅ ይችላል። በክረምት ጭቃና ክዳን በሌለው ቦይ መካከል ደግሞ መውደቅ ማለት የዳሌ አጥንት መሰበር ሊሆን ይችላል።

ሚዛን ግን ይሠለጥናል። በ2012 እ.ኤ.አ. ይፋ በሆነ የአሜሪካ ጥናት 195 ሕመምተኞች ተሳትፈዋል። ለ24 ሳምንታት፣ በሳምንት ሁለት ቀን ታይ ቺ የተባለውን የቻይናውያን ዝግተኛ እንቅስቃሴ የሠሩት፣ ሰውነት ማፍታታት ብቻ ከሠሩት የተሻለ ሚዛን ነበራቸው፤ የወደቁትም ያነሰ ጊዜ ነው።

የግድ ታይ ቺ መሆን የለበትም። ግድግዳ አጠገብ ቆሞ ክብደትን ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ማዛወር፣ እጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ወደ ጎን መራመድ፣ ሲዞሩ ባሉበት ከመሽከርከር ሰፋ አድርጎ መዞር። እግር አልነሳ ሲል ድምፅ አውጥቶ «አንድ፣ ሁለት» መቁጠር ወይም መሬት ላይ የተሰመረ መስመርን መሻገር ብዙዎችን ይረዳል። (እስክስታው በዚህ ላይ ቢጨመር ማን ይጠላል?)

«ባለሙያ የለም» የሚለው መልስ ግማሽ እውነት ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጥቂት ነው፤ ሲነሱ የደም ግፊታቸው የሚወርድ ሕመምተኞች ስላሉም ያለ ምርመራ መጀመር አይገባም። ነገር ግን ባለሙያው አንድ ጊዜ ከመረመረና ካሳየ በኋላ፣ ቀሪውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛና ቤተሰብ አጠገብ ቆመው ሊያሠሩ ይችላሉ። ራሳቸው ከሕመሙ ጋር የኖሩት ወይዘሮ ክብራ ከበደ የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅትን ሲመሠርቱም የጠበቁት ሙሉ ዝግጅት አልነበረም።

አዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» እያለች አስፋልቱን ለስፖርት ስትዘጋ ቆይታለች። ከሚዘሉት ወጣቶች ጎን ወንበር ይዘው የሚሠሩ አዛውንቶች ግን አይታዩም። አቃቂ ቃሊቲ ላይ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል አለ፤ የወረዳ አዳራሾችም አሉ። በሳምንት ሁለት ጠዋት አንዱን አዳራሽ መክፈት፣ አሥር የማይንሸራተቱ ወንበሮች፣ ወለሉ ላይ የኖራ መስመር። ይህን ያህል ነው የሚጠየቀው።