አይተን ያልጨረስነው አገር



‹‹ዘንድሮስ ሌላ አገር እንሂድ። ሐረርን እንደሆነ እንደ ፋቲሓ በቃሌ ይዣታለሁ›› አልኳት ባለቤቴን። ትምህርት ቤት ከተዘጋ ገና ሳምንት አልሞላውም ነበር። እርሷ ያደገችው ሐረር፣ ጀጎል ግንብ ውስጥ፣ በአክስቷ ቤት ነው። ስለዚህ ከተጋባን ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ልጆቻችንን ይዘን የምንጓዘው ወደዚያው ነው። ስምንት ክረምት፣ ስምንት ጊዜ! ያው መንገድ፣ ያው ቤት፣ ያው ሰፈር። ገንዘብ አውጥቶ፣ ተንገላትቶ፣ ያዩትን መልሶ ማየት ምን ይባላል?

ባለቤቴ ልብስ ማጣጠፏን ሳታቋርጥ ‹‹ለመሆኑ ፋቲሓን በቃልህ ስለያዝክ መቅራት ተውክ?›› አለችኝ።

መልስ አጣሁ። በአምስቱ የፈርድ ሶላቶች ብቻ በቀን 17 ጊዜ የምንቀራት ሱራ ናት። ሰለቸኝ የሚል ሰው ካለ ደግሞ ጉድለቱ ከቀሪው እንጂ ከሱራዋ አይደለም። ባለቤቴ ዝምታዬን አይታ ጨመረችልኝ፤ ‹‹አክስቴ ዐይናቸው እየደከመ ነው። ዘንድሮ ካልሄድን ከርሞ እኛ ብናያቸውም እርሳቸው አያዩንም።›› ከዚህ በኋላ ክርክር አልነበረም። ሄድን።

በደረስን በማግስቱ ጧት አክስታችን ሻሻቸውን አስተካክለው በር ላይ ቆሙና ‹‹ና እስቲ መምህሩ፤ እስከ ገበያ ውሰደኝ። ዛሬ ዐይን ሁነኝ›› አሉኝ። እጃቸውን ይዤ ወጣሁ። የጀጎልን መተላለፊያዎች የሚያውቅ ያውቃቸዋል፤ ጠባብ፣ ጠመዝማዛ፣ ግራና ቀኙ የግቢ ግንብ ነው። መንገዱንስ እርሳቸው በእግራቸው ያውቁታል። የት ጋ ድንጋይ እንደሚያዳልጥ፣ የት ጋ እንደሚታጠፍ የሚነግሩኝ እርሳቸው ነበሩ። ከእኔ የፈለጉት ሌላ ነገር ነው።

‹‹የጎረቤታችን ግንብ ዘንድሮ ምን ቀለም ተቀባ?›› ሲሉ ጠየቁኝ።

ሐረሪዎች ከረመዷን በኋላ ስድስቱን የሸዋል ቀናት ጾመው ሸዋሊድን ሲያከብሩ አስቀድመው ቤታቸውን ያጸዳሉ፣ ይቀባሉ። ይህ በዓል እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ መግባቱን በሬዲዮ ሰምቼ፣ ለተማሪዎቼም አስተምሬአለሁ። የጎረቤትን ግንብ ቀለም ግን ለመናገር ዞሬ ማየት ነበረብኝ።

‹‹ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነው›› አልኳቸው።

‹‹ዐምናስ?››

‹‹አላስታውስም።››

‹‹ካቻምናስ?››

‹‹አላውቅም።››

ሳቅ አሉና ‹‹ታዲያ ስምንት ዓመት ሙሉ ምን ስታይ ከረምክ ልጄ?›› አሉኝ። ለቀልድ ነው ያሉት። እኔን ግን ውስጤ ድረስ ዘለቀኝ። የእርሳቸው ዐይን ሳያይ የቀረውን ጠየቁኝ፤ የእኔ ዐይን እያየ ያላየውን አሳዩኝ።

ከፈረስ መጋላ ወደ ግድር መጋላ የሚወርደውን መንገድ መኪና ግርግር ይሉታል። ስሙን ያገኘው በመንገዱ ላይ ከሚሰፉት ልብስ ሰፊዎች የስፌት መኪና ድምፅ ነው። እዚያ ስንደርስ አክስታችን እጄን ጫን አድርገው አስቆሙኝና ጆሯቸውን አቀኑ።

‹‹በዚህ በቀኝ በኩል አንድ መኪና ጎድሏል›› አሉ።

እኔ የሰማሁት ግርግሩን ብቻ ነው። ጎረቤቱን ብንጠይቅ እውነታቸውን ነበር። የልጆቻቸውን የዒድ ልብስ ለዓመታት የሰፉላቸው አዛውንት ታመው ከተኙ ሁለት ወር አልፏቸዋል። ገበያው ቀርቶ በቀጥታ ወደ ሰውዬው ቤት ሄድን። አክስታችን ገና ከደጅ ‹‹አሰላሙ ዐለይኩም›› ሲሉ ሰውዬው ድምፃቸውን ለይተው አለቀሱ። ‹‹ከሰፈሩ ሰው የጠፋሁ መስሎኝ ነበር›› አሉ።

ውድ አንባብያን፣ እኚህን ሰው ስምንት ዓመት በደጃቸው አልፌአለሁ። ቤቴ በግድግዳ ላይ የሰቀልኩት የመኪና ግርግር ፎቶግራፍ አለኝ፤ እርሳቸው በስፌት መኪናቸው ላይ ጎንበስ ብለው ይታዩበታል። ስማቸውን ያወቅሁት ግን በዚያን ቀን ነው። በሽተኛን መጠየቅ ሙስሊም በሙስሊም ላይ ካለው ሐቅ አንዱ መሆኑን በመድረሳ በልጅነቴ ተምሬአለሁ። መታመሙን ያላወቅኩትን ሰው እንዴት ልጠይቅ? ለማወቅ ደግሞ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል።

ማታ ቤት ስንገባ እንደ ወትሮዬ ነደባው ላይ ተቀመጥኩ። ነደባ በሐረሪ ቤት ውስጥ ከፍና ዝቅ ብሎ የተሠራ መደብ ነው። በወጉ አምስት ሲሆን ማን የት እንደሚቀመጥ ሥርዓት አለው። በዚያ ሌሊት መጠየቅ ጀመርኩ። ወለሉ ለምን ቀይ ሆነ? አክስታችን ሽማግሌዎች የነገሯቸውን ነገሩኝ፤ እ.ኤ.አ. በ1887 በጨለንቆ ጦርነት ለወደቁት ሰዎች ደም መታሰቢያ ነው አሉ። ከበሩ በላይ ያለው የምንጣፍ መስቀያስ? አሁን ባለቤቴ በሳቅ ፈነዳች። ለአቅመ ጋብቻ የደረሰች ልጅ ያለችበት ቤት ተጠቅልሎ ከላይ በሚቀመጥ ምንጣፍ ይታወቅ እንደነበር አክስቷ አስረዱኝና ‹‹የሚስትህ ምንጣፍ እኮ እዚያው ላይ ነበር። እርሱን ዓይተህ የመጣህ መስሎኝ!›› አሉ። ከሥሩ ስምንት ክረምት ተቀምጫለሁ።

ያን ዕለት ሌሊት ደብተሬን አውጥቼ አንድ ሒሳብ ሠራሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ጀጎል ስፋቱ 48 ሄክታር ነው። በዚህች ቦታ ውስጥ 82 መስጂዶች አሉ። አንድ ሰው አምስቱን ሶላቶች በየዕለቱ በአምስት የተለያዩ መስጂዶች ቢሰግድ ሁሉን ለማዳረስ 16 ቀን አይበቃውም። እኔ በስምንት ጉዞ የሰገድኩት በስንቱ ነው? በሁለቱ፤ በጁሙዓ ትልቁ ጃሚዕ፣ በሌላው ቀን ለቤታችን የሚቀርበው። ይህ ነው እንግዲህ ‹‹በቃሌ ይዣታለሁ›› ያልኳት ሐረር!

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በዒድ ቀን በአንድ መንገድ ሄደው በሌላ መንገድ ይመለሱ እንደነበር ጃቢር (ረ.ዐ.) ማስተላለፋቸውን ሁላችንም እናውቃለን። ዑለማዎች ስለዚህ ሱንና ጥበብ ብዙ ብለዋል፤ ከእነዚህም አንዱ ከብዙ ሰው ጋር ሰላምታ ለመለዋወጥ ነው የሚለው ነው። ልብ በሉ፤ የሚሄዱበት መስገጃ ያው ነው፤ የሚመለሱበትም ቤት ያው ነው፤ የተለወጠው መንገዱ ነው። በማግስቱ ከሱብሒ ጀምሮ ከወንድ ልጄ ጋር ይህንኑ ያዝን። ለየሶላቱ አዲስ መስጂድ፣ ስንመለስ ሌላ መተላለፊያ። አንዳንዱ መስጂድ የአንድ ሰፈር ሰው ብቻ የሚይዝ ትንሽ ነው። እንግዳ የሚገባበት ስላልሆነ ከሶላት በኋላ ሳያነጋግረን የሚወጣ አልነበረም። ሴት ልጄ ደግሞ ከእናቷ ጋር ሆና፣ አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሠሩት የሚነገረውን ግንብ እየዞረች የአምስቱን ጥንታዊ በሮች ስም በሁለት በሁለት ጻፈች። ሸዋ በር አስመዲን በሪ፣ ቡዳ በር በድሮ በሪ፣ ሰንጋ በር ሱቁጣጥ በሪ፣ ኤረር በር አርጎ በሪ፣ ፈላና በር አሱም በሪ። ከግንቡ ሥር ጅቦች በሌሊት የሚገቡባቸውን ቀዳዳዎች ስታገኝማ ደስታዋ ወሰን አልነበረውም።

ከዚህ ጉዞ ለእናንተ የማካፍላችሁ ጥቂት ነገር ነው። በየዓመቱ ወደ ወላጆቻችሁ፣ ወደ አማቶቻችሁ፣ ወደ ትውልድ ቀያችሁ የምትመላለሱ ቤተሰቦች ብትሞክሩት ትጠቀማላችሁ፣ ኢንሻአላህ።

አንደኛ፣ ጉዳይ ይዛችሁ ሂዱ። እግር ጥሎት የሚሄድ ሰው የሚያየው ትናንት ያየውን ነው። ለሌላ ሰው ዐይን የሆነ ግን ማየት ግዴታው ይሆናል። ከቤት መውጣት ያቃታቸውን አዛውንት ‹‹የት ሄጄ ምን ልይልዎት?›› ብላችሁ ጠይቁ።

ሁለተኛ፣ ሰዓትንና መንገድን ለውጡ። በቀትር የምታውቁትን ገበያ በሱብሒ ብታዩት ሌላ ገበያ ነው። ይህ ተጨማሪ ሳንቲም አያስወጣም። ባጀታችን ጠባብ ለሆነ መምህራን ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛ፣ አዲስ ነገር ፍለጋ ብላችሁ የሰው ገመና ውስጥ አትግቡ። ጠባብ መንገድ ሁሉ የሰው ደጅ ነው። ሦስት ጊዜ ፈቃድ ጠይቆ ካልተፈቀደለት የሚመለስ ሰው ሱንናን ይዟል። ፎቶግራፍም እንዲሁ ነው፤ ከማንሳታችሁ በፊት ሰላምታ ስጡ፣ ስም ጠይቁ፣ አስፈቅዱ። እኔ ግድግዳዬ ላይ ያለውን ሥዕል ባየሁ ቁጥር የሚቆጨኝ ይኸው ነው።

አራተኛ፣ ለልጆቻችሁ የሚጠይቁት ጥያቄ ስጧቸው። ‹‹አያቶቻችሁን ሰላም በሉ›› ብቻ ብንላቸው ሰላም ብለው ወደ ጨዋታቸው ይሄዳሉ። ‹‹ይህ ነገር ስሙ ማነው? ማን ሠራው?›› ብለው እንዲጠይቁ ካደረግናቸው ግን ዝምድናው ሥር ይሰድዳል። ሲለቱ ረሒም ማለት በዓመት አንድ ጊዜ ደጅ ረግጦ መመለስ ብቻ አይደለምና።

ቁርኣን በምድር ላይ እንድንጓዝና እንድናስተነትን በተለያዩ ሱራዎች ያዘናል። ጉዞው የግድ ሩቅ አገር፣ የግድ አዲስ አገር መሆን አለበት ያለን የለም። ዐይን ኒዕማ ነው፤ ሹክሩም ማየት ነው።

ልንመለስ ስንል አክስታችን የልጆቹን ፊት በእጃቸው ዳሰሱ። ከዚያም ወደ እኔ ዞረው ‹‹እህሳ መምህሩ፣ ሐረርን ጨረስካት?›› አሉኝ።

‹‹የሰገድኩት በአሥራ አንድ መስጂድ ነው። ሰባ አንድ ይቀረኛል›› አልኳቸው።

‹‹እንግዲያው አላህ ለሰባ አንዱ የሚበቃ ዕድሜ ይስጥህ። እኔንም ወሬውን ለመስማት ያቆየኝ›› ብለው መረቁኝ።

አሚን። እናንተም አሚን በሉልን።