«በነጻ ነው የምናገለግለው» መልስ አይደለም

የማህበር ስብሰባ ላይ ጥያቄን የሚገድል አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ «እኛ እኮ በነጻ ነው የምናገለግለው።» ይቺ ከተነገረች ቤቱ ጸጥ ይላል። የጠየቀው ልጅ ባለጌ ይሆናል። ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን ይጠርጋሉ፣ ሰብሳቢው ወደሚቀጥለው አጀንዳ ያልፋል። ገንዘቡ የት ደረሰ የሚለው ግን ሳይመለስ ለሚቀጥለው ዓመት ይተላለፋል።

በነጻ ማገልገል ትልቅ ነገር ነው። ግን ለዚህ ጥያቄ መልስ አይሆንም።

ከራሳችን አካባቢ ልጀምር። ከአባያ ዳር እስከ ጨንቻ ደጋ፣ ከሴቻና ሲቀላ እስከ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ፣ የጋሞ ሰው የማያዋጣበት ነገር የለም። የልማት ማህበር አለ። የአንድ ቀበሌ ተወላጆች ማህበር አለ። የተቸገሩ ተማሪዎች መርጃ፣ የታመመ ማሳከሚያ አለ። ሽሮ ሜዳ ሸማ ሸምኖ የሚያድረውም፣ አርባ ምንጭ የሚያስተምረውም፣ ውጭ አገር ያለውም ያዋጣል። ይህን ገንዘብ የሚይዙት ብዙ ጊዜ አምስት ወይም ሰባት ሰዎች ናቸው፤ ደመወዝ የላቸውም፣ ከሥራ ሰዓታቸው ውጪ ይሰበሰባሉ፣ የትራንስፖርቱን ከኪሳቸው ይከፍላሉ። አብዛኞቹ ጨዋ ሰዎች መሆናቸውን እኔም አምናለሁ። አንድን ማህበር ለይቼ ለመክሰስም አይደለም የምጽፈው።

ግን እስቲ እናስላው። 300 አባላት በወር 100 ብር ቢያዋጡ በዓመት 360,000 ብር ይሆናል። ለአንድ ቀበሌ ልጆች ይህ ደብተር፣ ዩኒፎርም፣ የዩኒቨርሲቲ መንገድ ማለት ነው። ገንዘቡ ለማን ይሰጥ፣ ለማን ይከልከል የሚለውን የሚወስን ሰው፣ ተከፈለውም አልተከፈለው፣ ሥልጣን ይዟል። ሥልጣን ደግሞ ደመወዝ ስለሌለው ብቻ ሥልጣን መሆኑ አይቀርም።

ቋንቋችን ለእነዚህ ሰዎች ጥሩ ስም አለው፦ ባለአደራ። አማርኛ ላይ «አደራ በላ» ከ«ሌባ» ይከብዳል። ሌባ የማያውቀውን ሰው ንብረት ሊወስድ ይችላል፤ አደራ በላ ግን የሚወስደው ካመነው ሰው ነው። ሕጉም ቢሆን ነገሩን ያውቀዋል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አደራን ሲደነግግ ባለአደራው ንብረቱን የሚያስተዳድረው አደራውን በሰጠው ሰው መመሪያ መሠረት ነው ይላል። እንደ ራሱ ንብረት አያዝበትም ማለት ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ም ለሕዝብ ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት ለአስተዳደር ከጠቅላላ ገቢው ከ20 በመቶ በላይ እንዳያወጣ ገደብ አስቀምጧል፣ በየዓመቱም ሪፖርት ይጠይቃል።

ጥሩ። ግን ሪፖርቱ የሚሄደው ወደ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ነው። ሸማኔው ያዋጣት 100 ብር የት እንደገባች ከዚያ ፋይል ውስጥ ገብቶ አያያትም። ትንንሾቹ ማህበራት ደግሞ ብዙዎቹ እዚያ ፋይል ውስጥም የሉም።

ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። አንድ የተወላጆች ማህበር (ስሙ ይቅር) የመዋጮ መመዝገቢያ እንድሠራለት ጠየቀኝ፣ በነጻ ሠራሁለት። እያንዳንዱ አባል በስልኩ ከፍቶ ጠቅላላ ገቢና ወጪውን እንዲያይ አድርጌ ሳቀርበው ኮሚቴው ተቆጣ። «በነጻ እያገለገልን ልትሰልሉን ነው?» ተባልኩ። አባላት የሚያዩት ገጽ እንዲዘጋ ተወሰነ፣ መዝገቡ የሚከፈትበት ፓስወርድም አንድ ሰው እጅ ቀረ። ያ ሰው ሌባ ነው አልልም። ነገ ቢታመም፣ አገር ቢቀይር፣ ስልኩ ቢጠፋ ግን ማህበሩ የራሱን ታሪክ አያገኘውም።

እኛ ሙያ ውስጥ ይህ የመጀመሪያ ትምህርት ነው፦ የቱንም ያህል ታማኝ ይሁን፣ ለአንድ ሰው ብቻ ሙሉ ቁልፍ አይሰጥም። ማን ምን እንደነካ ሎግ ይጻፋል። ሎግ ደግሞ ሌባ ለመያዝ ብቻ አይደለም፤ ሐሜት ሲነሳ ንጹሑ ሰው ንጹሕነቱን የሚያሳይበት እሱ ነው። መዝገብ የሌለበት ማህበር ውስጥ ሐሜት መጀመሪያ የሚጎዳው ታማኙን ነው።

«ይሄ የፈረንጅ አሠራር ነው፣ ለእኛ ባህል አይሆንም» የሚል ይመጣል። እንዴ! የማን ባህል? «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት የእኛ አገር ነው፤ የጋሞ ደጋ ግን በተቃራኒው የሚሄድ ሹመት ነበረው። ሀላቃ የሚሆነው ሰው በጉባኤ ይመረጣል፣ ከራሱ ሀብት ለሕዝቡ ይደግሳል፣ ጊዜው ሲያልቅ ለሌላው ይለቃል። እዛ ተሿሚው ያበላል እንጂ አይበላም። ሁለት አንትሮፖሎጂስቶች፣ ሮዳ ሃልፐሪንና ጁዲት ኦልምስተድ፣ ስለ ዶርዜ ሀላቃ እ.ኤ.አ. በ1976 የጻፉት ጽሑፍ ርዕሱ ራሱ «ደጋሹን ለመያዝ» እንደማለት ነው። ሀብታም ተፈልጎ ይያዛል፤ ያለህን ለእኛ አውጣ ይባላል። ጉዳዩ የሚታየው ደግሞ ዱቡሻ ላይ፣ ሜዳ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ነው።

ዱቡሻን ቅዱስ ላደርገው አልፈልግም። ሴቶችና እንደ ሸክላ ሠሪ ያሉ ባለሙያዎች ከዚያ ሜዳ ሲገለሉ ኖረዋል፤ ይህ በደል ነው፣ ልንደግመውም አይገባም። ግን አንድ ነገር ገብቷቸው ነበር፦ የሕዝብ ጉዳይ ሕዝብ በሌለበት አይጨረስም፣ ሹመትም ዕድሜ ልክ አይደለም። ዛሬ ስንት የማህበር ሰብሳቢ ነው አሥር ዓመት በላይ «ተተኪ ጠፍቶ» የተቀመጠው? ተተኪ የሚጠፋው መዝገቡ ስለማይታይ ነው። ያላየውን ሥራ ማን ይረከባል?

«ሽማግሌዎቻችንን አትጠራጠር» የሚሉም አሉ። ሽማግሌ ማክበር እንዴት እንደሆነ አርባ ምንጭ ለአገር አሳይታለች። መስከረም 2011፣ ከቡራዩው ጥቃት በኋላ ወጣቱ በቁጣ ሲወጣ የጋሞ ሽማግሌዎች እርጥብ ሣር ይዘው ፊቱ ተንበረከኩ፣ ወጣቱም ተመለሰ። ደመወዝ አልነበራቸውም። ክብራቸው ግን የመጣው አደባባይ ወጥተው በመታየታቸው ነው። እዚያ ቀን ማንም በር ዘግቶ «እመኑን» አላለም።

«ስንጠይቃቸው ይሸሻሉ፣ በነጻ የሚያገለግል ይጠፋል» የሚለው ስጋት ግን እውነት አለው፣ አልንቀውም። መልሱ እድር ነው። የእድር ዳኛና ገንዘብ ያዥ በነጻ ወይም ለነጻ በቀረበ ነገር ያገለግላሉ፤ ሒሳቡ አባል ፊት ይነበባል፣ የቀረ ይቀጣል። እድር ግን አልፈረሰም። ሰውን የሚያሸሸው ቂም ያለበት ጥያቄ ነው፤ በየወሩ የሚጠየቅ ጥያቄ ቂም አይይዝም፣ ልማድ ይሆናል። አዎ፣ የታመመውን ወይም የተረዳውን ልጅ ስም አደባባይ ማውጣት ነውር ነው። ስሙን ደብቁ፤ መጠኑን፣ ቀኑን፣ ማን እንደወሰነ አሳዩ።

ሥልጣንን መክፈልም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1914 ፍሬድሪክ ጎፍ የሚባል የባንክ ሰው አሜሪካ ክሊቭላንድ ላይ የመጀመሪያውን የማኅበረሰብ ፋውንዴሽን ሲያቋቁም ገንዘቡን የሚይዘውንና ለማን ይሰጥ ብሎ የሚወስነውን ለያየ፦ ባንክ ይይዛል፣ ኮሚቴ ይወስናል። አንድ እጅ ሁለቱንም አይጨብጥም። ከመቶ ዓመት በፊት የተደረገውን እኛ በሁለት ፈራሚና በአንድ የቴሌግራም ግሩፕ ማድረግ እንዴት ያቅተናል?

የምጠይቀው አራት ነገር ነው። የወሩ ገቢና ወጪ አዋጪው ሁሉ በሚያየው ቦታ ይለጠፍ፤ ስልክ ለሌለው ደግሞ ስብሰባ ላይ በጋሞኛ ይነበብ። ገንዘብ የሚወጣው ዝምድና በሌላቸው ሁለት ሰዎች ፊርማ ይሁን። ባለአደራ ከሁለት የሥራ ዘመን በላይ አይቀመጥ። ከኮሚቴው ወንበር ለሴቶችና ለወጣቶች ይሰጥ፣ ሻይ እንዲያፈሉ ሳይሆን እንዲፈርሙ።

እናንተ ይህን ስልካችሁ ላይ የምታነቡ ደግሞ፣ ኮሚቴውን ፌስቡክ ላይ መስደብ ቀላል ነው። የሚከብደው እሁድ ከሰዓት ተቀምጦ የሦስት ዓመት ደረሰኝ ኤክሴል ላይ መገልበጥ ነው። ቀጣዩ ስብሰባ ላይ ጠይቁ፤ «በነጻ ነው የምናገለግለው» ሲሏችሁም አትቆጡ። «እግዜር ይስጥልን፣ እኛም መዝገቡን በነጻ እንይዝላችኋለን» በሏቸው።