ማማከር ሌላ፣ ማስፈቀድ ሌላ

ደቡብ አፍሪካ ሲባል አብዛኞቻችን ፊት ድቅን የሚለው በየሰፈሩ ሱቅ ከፍተው ሲሠሩ የሚዘረፉት፣ አልፎ ተርፎም የሚገደሉት ወገኖቻችን ጉዳይ ነው። እውነትም አሳሳቢ ነው። ዛሬ ግን አንባብያንን ወደዚያው አገር ይዤ የምሄደው አንድ የእግር መንገድ ላሳያችሁ ነው። መንገዱ የሚያልፍበት መሬት ሰው አስገድሏል፤ ሚኒስትርንም ፍ/ቤት አስቁሟል።

ቦታው ከደርባን በስተደቡብ፣ ፖርት ኤድዋርድን አልፎ የምታምቩና ወንዝን ከተሻገሩ በኋላ የሚጀምረው ፖንዶላንድ ነው። ጠቅላላውን ጠረፍ ዋይልድ ኮስት ይሉታል። በአጠገቡ ሞቃቱ የአጉላስ የውቅያኖስ ጅረት ስለሚያልፍ ክረምቱም ያን ያህል አይበርድም። ከምዛምባ እስከ ምቴንቱ ወንዝ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ተጓዡ በአንድ በኩል የህንድ ውቅያኖስን፣ በሌላው በኩል ሣር የለበሰ ኮረብታ ላይ የተበተኑ መንደሮችን እያየ ይሄዳል። ከብቶች አሸዋው ላይ ወርደው ይተኛሉ። የኮሎቤኒ አሸዋ ቀይ ነው፤ የጠቡ ሁሉ መነሻም ይኸው አሸዋ ነው። የምቴንቱ ወንዝ አፍ ላይ ሲደርሱ መሻገሪያው ጀልባ ሲሆን፣ ማዶው ደግሞ ፏፏቴዎቹ ወደ ባሕር የሚወርዱበት የምካምባቲ ጥብቅ ሥፍራ ነው። በተፈጥሮ ከምቴንቱና ከምሲካባ ወንዞች ዳርቻ በቀር በዓለም ላይ የትም የማይበቅል የዘንባባ ዝርያም እዚያ አለ።

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የአማዲባ ማኅበረሰብ በዚህ ጠረፍ ላይ የእግርና የፈረስ ጉዞ አቋቋመ። መንገድ መሪው የመንደሩ ልጅ፣ ፈረሱ የመንደሩ ፈረስ፣ ምግብ አብሳይዋም የመንደሩ ሴት ናት። የአውሮፓ ኅብረትም በገንዘብ ደገፈ። እንዳልዋሽ፣ ገቢው ማንንም ባለጸጋ አላደረገም። የውጭ ድጋፉ ሲያበቃም ሥራው ክፉኛ ተዳክሟል። የእግር ጉዞ ቱሪዝም ድህነትን በአንድ ጀምበር ያጠፋል የሚሉ ሰዎች ይህን ቢያስታውሱ ጥሩ ነው።

በዚህ መሐል አንድ የአውስትራሊያ የማዕድን ኩባንያ ቀዩን አሸዋ አየና ታይታኒየም አለው አለ። በደቡብ አፍሪካ ባለው ቅርንጫፉ በኩል እ.ኤ.አ. በ2008 የማዕድን ፈቃድ ተሰጠው፤ ተቃውሞው ሲበረታ ፈቃዱ በ2011 ተነሳ፤ ኩባንያው በ2015 እንደገና አመለከተ። የተጠየቀው መሬት 22 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ጠረፍ ነው። በዓመቱ መጋቢት ወር የተቃዋሚዎቹ ኮሚቴ ሊቀመንበር የነበረው ሲኮሲፊ ራዴቤ፣ ፖሊስ ነን ባሉ ሰዎች በቤቱ ደጃፍ በጥይት ተገደለ።

እነዚህ ሰዎች ለተቃውሞ አዲስ አይደሉም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 6 ቀን 1960 የአፓርታይድ ፖሊስ ንጉዛ ኮረብታ ላይ ተሰብስበው በነበሩ ፖንዶዎች ላይ ተኩሶ ቢያንስ 11 ሰው ገድሏል። ያኔም አንዱ የጠቡ መነሻ ከላይ የተጫነባቸው አስተዳደርና የመሬታቸው ጉዳይ ነበር።

ለመሆኑ ከማዕድኑና ከእግር ጉዞው የቱ ይሻላል? ስለ ኮሎቤኒ የተጻፈው አብዛኛው ነገር የሚያጠነጥነው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። አንዱ ወገን የሥራ ዕድል ይቆጥራል፤ ሌላው የአበባ ዝርያ ይቆጥራል። በእኔ እምነት ጥያቄው ከመነሻው የተንሻፈፈ ነው። ምክንያቱም ፕሪቶሪያ የተቀመጠ ባለሥልጣን ሁለቱን መዝኖ እንደሚወስን አስቀድሞ ያምናል። ከመንደሩ ነዋሪዎች መካከልም ማዕድኑን የሚፈልጉ እንደነበሩ አይካድም። ይህም ቢሆን ውሳኔው የማን ነው የሚለውን ጥያቄ አያስቀረውም።

ፍ/ቤት የጠየቀውም ይህንኑ ነው። የመንደሩ ባህላዊ መሪ ወይዘሮ ዱዱዚሌ ባሌኒና ሌሎች ነዋሪዎች ባቀረቡት ክስ ላይ፣ ዳኛ አናሊ ባሰን እ.ኤ.አ. ኅዳር 22 ቀን 2018 ፕሪቶሪያ ላይ ፍርድ ሰጡ። የመንግሥት ክርክር የተመሠረተው በ2002ቱ የማዕድን ሕግ ነበር። ይህ ሕግ ባለይዞታው እንዲማከር ብቻ ይጠይቃል። ነዋሪዎቹ የጠቀሱት ግን የ1996ቱን የመሬት መብት ጊዜያዊ ጥበቃ ሕግ ነው፤ እሱም ማንም ሰው ያለ ፈቃዱ በልማድ ከያዘው መሬት አይነቀልም ይላል። ዳኛዋ ሁለቱ ሕጎች ጎን ለጎን መነበብ አለባቸው አሉ። በዚህም መሠረት ሚኒስትሩ የማኅበረሰቡን ሙሉና በመረጃ የተደገፈ ፈቃድ ሳያገኙ የማዕድን መብት ሊሰጡ አይችሉም።

የሕግ ሰው ነኝና እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የ1996ቱ ሕግ የሚጠብቀው መብት ቤትና እርሻ ብቻ አይደለም፤ መሬቱን መጠቀምን፣ መኖርንና ወደ መሬቱ መድረስን ሁሉ ያቅፋል። ስለዚህ ከብት የሚነዳበት፣ ቀንድ አውጣና ዓሣ ለመልቀም ወደ ባሕር የሚወረድበት፣ እንግዳም እየተመራ የሚያልፍበት መንገድ ካርታ ባይኖረውም መብት ነው። ካርታና ደብተር በሌለበት አገር ነዋሪው ይዞታውን በምን ያስረዳል ቢሉ፣ አንዱ ማስረጃ በየቀኑ የሚመላለስበት መንገድ ነው።

የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 እና በአንቀጽ 92 ሕዝብ በሚነኩት የልማት ሥራዎች ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ፈቃዱ ይጠየቅ ግን አይልም። ሐሳብ ሰጥቶ ወደ ቤቱ የሚመለስ ሰውና እምቢ ማለት የሚችል ሰው አንድ ስብሰባ ላይ ጎን ለጎን ቢቀመጡም እኩል አይደሉም።

አማዲባዎች የልማት ጠላቶች ናቸው የሚለው ወቀሳም አይዋጥልኝም። ሰሞነኛ ፈሊጥ ነው። በምቴንቱ ገደል ላይ 223 ሜትር ከፍታ ያለው ድልድይ የሚሠራለትን አውራ ጎዳና በተመለከተ ኮሚቴያቸው ያለው፣ መንገዱ ከጠረፉ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይለፍ ነው። ከባሕሩ በኩል ደግሞ የሼል ኩባንያ ነዳጅ ፍለጋ መጣባቸው። ፍ/ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 የፍለጋ መብቱን የሻረበት አንዱ ምክንያት አሁንም ያው የምክክር ጉዳይ ሲሆን፣ ጠቅላይ የይግባኝ ፍ/ቤት በ2024 መብቱ በሕገወጥ መንገድ መሰጠቱን ቢያጸናም ለኩባንያው የእድሳት ማመልከቻ በሩን ክፍት ትቶለታል።

ሁሉም ነገር የቆመበት የ1996ቱ ሕግ ስሙም እንደሚለው ጊዜያዊ ነው። ቋሚ የመሬት ሕግ እስኪወጣ በሚል የወጣ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ እየታደሰ ቆይቷል። የምቴንቱ ጀልባ ቀዛፊ እንግዳ የማሻገር መብቱ የሚዘልቀው ኬፕ ታውን ያለው ፓርላማ ይህን ሕግ ለአንድ ዓመት ማራዘሙን እስካልረሳ ድረስ ነው።